ከጩኸቱ በፊት ጸጥታውን፦ የራቬልን «ዳፍኒስና ክሎዌ» ቅጂዎች ስንመዝን

(ሙዚቃ፦ የ«ዳፍኒስና ክሎዌ» መግቢያ፣ ፒዬር ሞንቶ የመራው የ1959 ቅጂ። አንድ ደቂቃ ያህል ብቻውን ይሰማል፤ ከዚያ ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል።)

ከእናንተ መካከል ሬዲዮው የተበላሸ መስሎት ድምፁን ከፍ ያደረገ ይኖራል። አልተበላሸም። ሞሪስ ራቬል ይህን ሥራ ያስጀመረው ሆን ብሎ ለጆሮ በሚያስቸግር ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ኮንትራባሶቹ አንድ ወፍራም ድምፅ ይይዛሉ። በዚያ ላይ አምስተኛው ደረጃ ይጨመራል፤ በእሱም ላይ ሌላ አምስተኛ፣ እንደገና ሌላ፤ ቫዮሊኖቹ ገመዳቸው ታፍኖ ከላይ እስኪደርሱ ድረስ እንዲህ ይደራረባል። ከዚያ ከሩቅ ፍሉት ይሰማል፤ ሆርን ይከተላል፤ አፉን የዘጋ ኳየርም ቃል በሌለው ዜማ ይገባል። መጋረጃው የሚከፈተው በዚህ ነው።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ የባሌት ሙዚቃ ነው፤ ይበልጥ ግን ስለ ቅጂዎቹ። አንድ ሥራ በብዙ ኦርኬስትራዎችና በብዙ መሪዎች ሲቀዳ የትኛውን እንመርጣለን? በምንስ እንመዝነዋለን? የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ሰው የኦርኬስትራ ቅጂ ሲያማርጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጩኸቱ ይሮጣል። ከበሮው ሲያስገመግም፣ ነሐሱ ሲያብረቀርቅ ይሰማና «ይህ ጥሩ ነው» ይላል። ለዚህ ሥራ ግን እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ ጸጥ ያሉትን ቦታዎች መዝኑ። «ዳፍኒስና ክሎዌ» አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ከዚያ ውስጥ በሙሉ ኃይል የሚጮኸው ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረው ለዚያ ጩኸት መንገድ የሚጠርግ ነው። መንገዱ ካልተጠረገ ጩኸቱ ሲመጣ ጆሮን ያደነቁራል እንጂ ልብን አያነሣም።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ምንጩ ሎንጉስ የተባለ የጥንት ግሪካዊ ደራሲ የጻፈው የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ዳፍኒስ የፍየል እረኛ ነው፤ ክሎዌ በግ ትጠብቃለች። ይዋደዳሉ። የባሕር ወንበዴዎች መጥተው ክሎዌን ይጠልፏታል። ፓን የተባለው የእረኞች አምላክ ወንበዴዎቹን አስደንግጦ ያስጥላታል። ጎህ ሲቀድ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ሁሉም ይጨፍራል። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ለባሌት ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ሥራውን በ1909 ያዘዘው የሩሲያ ባሌትን ይዞ ፓሪስን ያስደመመው ሰርጌይ ዲያጊሌቭ ነበር። ራቬል ግን የሚቸኩል ሰው አልነበረም። የመጨረሻውን ጭፈራ አንዴ ጽፎ አልረካም፤ እንደገና ሠራው። ባሌቱ መድረክ ላይ የወጣው ጁን 8 ቀን 1912 በፓሪሱ ሻትሌ ቴአትር ነው። የጭፈራው ደራሲ ሚሼል ፎኪን፣ የመድረኩ ሠዓሊ ሊዮን ባክስት ነበሩ፤ ቫስላቭ ኒጂንስኪ ዳፍኒስን፣ ታማራ ካርሳቪና ክሎዌን ሆነው ጨፈሩ። ኦርኬስትራውን የመራው ፒዬር ሞንቶ ነው። ሞንቶና ራቬል እኩዮች ናቸው፤ ሁለቱም በ1875 የተወለዱ ሲሆኑ በዚያ ምሽት ሁለቱም 37 ዓመታቸው ነበር። ምሽቱ ግን ብዙም አላስደነቀም። ከአሥር ቀን በፊት በዚያው ቴአትር ኒጂንስኪ በደቡሲ ሙዚቃ «የፋውን ከሰዓት በኋላ»ን ጨፍሮ ፓሪስን በሐሜትና በክርክር አምሷት ስለነበር፣ የራቬል ተራ ሲደርስ ከተማዋ ጆሮዋ ሌላ ቦታ ነበር።

ይህን ዓይነት ሙዚቃ «ኢምፕሬሽኒስት» ማለት የተለመደ ነው። ደቡሲ ስያሜውን አልወደደውም፤ እኛም ዛሬ አንከራከርበትም። ለሚዛናችን የሚያስቸግረው ስሙ ያስከተለው ልማድ ነው። «ኢምፕሬሽኒስት ከሆነ ጭጋግ የለበሰ፣ ጠርዙ የማይታይ መሆን አለበት» ብለው የሚያስቡ መሪዎችና የድምፅ ባለሙያዎች አሉ። የራቬልን የኖታ ወረቀት ያየ ግን እንዲህ ለማለት ይቸገራል። እያንዳንዱ መሣሪያ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል፣ የት እንደሚታፈን፣ የትኛው ኖታ ተቆርጦ የትኛው ተያይዞ እንደሚሰማ አንድ በአንድ ተጽፏል። ጭጋግ የሚመስለው ነገር ከብዙ ጥርት ያሉ ጥቃቅን ድምፆች የተሠራ ነው። ቅጂው እነዚያን ጥቃቅን ድምፆች ካዋሃዳቸው ሥራውን አበላሸው ማለት ነው።

ወደ ቅጂዎቹ ከመሄዳችን በፊት ስለ ራሳችን ስለ ሬዲዮ አንድ ነገር መናዘዝ ያስፈልጋል። በኤፍ ኤም የምትሰሙት ድምፅ ከማሰራጫው በፊት በአንድ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ መሣሪያው ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጋል። ይህ የሚደረገው ታክሲ ውስጥም ሆነ ወጥ ቤት ያለ ሰው ንግግሩ እንዳያመልጠው ነው። ለዜና መልካም ነው፤ ለራቬል ጠላት ነው። ለዛሬ ቴክኒሻኖቻችን መሣሪያውን እንዲያላሉት ጠይቀን አላልተውታል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። በዚያ ላይ ኤፍ ኤም ከ15 ሺህ ኸርትዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ አያስተላልፍም። የሞባይል ስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ የኮንትራባሱን ወፍራም ድምፅ እምብዛም አያወጣም። እንግዲህ ዛሬ የምናሰማችሁ ናሙና ነው። ፍርድ ለመስጠት ቅጂውን ራሱን፣ ቢቻል በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ፣ ጸጥ ባለ ክፍል መስማት ይገባል።

ሸክላ፣ ሲዲና ዲጂታል ፋይልም እኩል አይደሉም። በሸክላ ላይ በጣም ዝቅ ያለው ድምፅ ከመርፌው ፍትጊያ ጋር ይታገላል። በሲዲ ላይ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት በስሌት እስከ 96 ዴሲቤል ይደርሳል፤ ስለዚህ መግቢያው በእውነት ከምንም ተነሥቶ ሊመጣ ይችላል። ሸክላ ሌላም ችግር አለበት። አንድ ሰዓት የሚጠጋው ሥራ በአንድ ገጽ ስለማይገባ መሐል ላይ ተነሥቶ መገልበጥ ግድ ነው፤ ሳይቋረጥ እንዲሄድ የተጻፈው ሙዚቃ እዚያ ላይ ይቆረጣል።

(ሙዚቃ፦ ከመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ፣ የሦስቱ አማልክት ሌሊት፤ ሻርል ሙንሽ፣ የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ፣ 1955። አርባ ሰከንድ።)

ይህ በጃንዋሪ 1955 በቦስተን የተቀዳ ነው። መሪው ሻርል ሙንሽ በስትራስቡርግ የተወለደ፣ ቦስተንን ከ1949 እስከ 1962 የመራ ሰው ነው። አርሲኤ ኩባንያ በዚያ ዘመን በስቴሪዮ መቅዳትን ገና እየጀመረ ነበር፤ ማይክሮፎኖቹ ጥቂት ነበሩ፤ አዳራሹ ግን የሲምፎኒ አዳራሽ ነው። በ1900 ሲከፈት የድምፅ አሠራሩን ያሰላው ዋላስ ሳቢን የተባለ የሃርቫርድ ፊዚሲስት ነበር። የሰባ ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ቅጂ ውስጥ አሁንም አየር የሚሰማው ለዚህ ነው።

የሰማችሁት ክሎዌ ከተጠለፈች በኋላ ያለው ትዕይንት ነው። ዳፍኒስ ራሱን ስቶ ወድቋል። ሦስት የድንጋይ ምስሎች ነፍስ ይዘራባቸዋል፤ የመጀመሪያዋን ፍሉት፣ ሁለተኛዋን ሆርን፣ ሦስተኛዋን ክላሪኔት እያናገረ ያስነሣቸዋል። ከሥር ገመዶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ የነፋስ ድምፅ የሚያወጣ የቴአትር ማሽንም አለ። ለመዛኝ ጥሩ ፈተና የሚሆነው ይህ ማሽን ነው። ነፋሱን ለይታችሁ «ይኸው ማሽኑ» ካላችሁ ቀጂዎቹ አብዝተውታል። ጨርሶ ካልሰማችሁት ጠፍቷል። ቆዳችሁ ላይ የሆነ ነገር አልፎ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ ልኩ እሱ ነው። በሙንሽ ቅጂ እዚህ ቦታ ላይ ልኩ ነው ባይ ነኝ። ሙንሽ በእሳታማነቱ ይታወቃል፤ ጭፈራው ሲጦፍ ኦርኬስትራውን ይጋልበዋል። ጸጥታውን ማክበር መቻሉን ግን ብዙ አድናቂዎቹም አያነሡለትም።

ከዚህ ቀጥሎ ኦርኬስትራው ጨርሶ ዝም ይላል፤ ኳየሩ ብቻውን ከመድረክ ጀርባ ይዘምራል። ቃል የለውም። ከኋላ ሆርንና ትራምፔት ከሩቅ ይጣራሉ፤ ድምፃቸው እየቀረበ ይመጣና የወንበዴዎቹ ጭፈራ ይፈነዳል። ስለዚህ ኳየር አንድ ታሪክ አለ። በ1914 ባሌቱ ለንደን ሲታይ ዲያጊሌቭ ወጪ ለመቀነስ ኳየሩን አስቀረ። ራቬል ለትንንሽ ቴአትር ብሎ ኳየሩን የሚተካ የኦርኬስትራ አማራጭ ጽፎ ነበርና ዲያጊሌቭ በዚያ ተጠቀመ። ራቬል ተቆጥቶ ለለንደን ጋዜጦች የተቃውሞ ደብዳቤ ላከ። ልክ ነበረ። የሰው ድምፅ በዚህ ሥራ ውስጥ ጌጥ አይደለም። ሰው ይሁን ነፋስ፣ መንፈስ ይሁን ትዝታ ሳይለይ የሚንሳፈፈውን ድምፅ የሚሰጠው ኳየሩ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው መመዘኛ ይኸው ነው፦ ኳየሩ የት ቆሟል? ከኦርኬስትራው ፊት ተደርድሮ ጉሮሮው ከተሰማ መድረኩ ፈረሰ። ሻርል ዱቷ በ1980 ከሞንትሪያል ሲምፎኒ ጋር ለዴካ የቀዳው እዚህ ላይ ያሸንፋል። የተቀዳው ከሞንትሪያል አጠገብ በሳን ኡስታሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሲዲ ገና ገበያ ላይ ሳይወጣ በዲጂታል የተቀዳ ነበር፤ ኦርኬስትራውን በዓለም ያስተዋወቀውም ይኸው ሥራ ነው።

(ሙዚቃ፦ ኳየሩ ብቻውን፤ ሻርል ዱቷ፣ 1980። አንድ ደቂቃ። ከዚያ ሳይቋረጥ የሦስተኛው ክፍል መጀመሪያ፣ «ጎህ ሲቀድ»፣ ከዚያው ቅጂ።)

የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ድምፁን ተቀብሎ መልሶ ይሰጣል። ለኳየሩ ጸጋ ነው። አሁን ከሥር የጀመረው «ጎህ ሲቀድ» ላይ ግን ያው ጸጋ ዋጋ ያስከፍላል። በዚህ ቦታ ፍሉቶችና ክላሪኔቶች እየተቀባበሉ እጅግ ፈጣን፣ ጥቃቅን ኖታዎችን ያፈሳሉ፤ ውኃ ከድንጋይ ላይ ሲወርድ ዓይነት። በዚያ ሥር ዋናው ዜማ ከወፍራሞቹ ገመዶች ይነሣል። ፒኮሎና ሦስት ብቸኛ ቫዮሊኖች ወፎቹ ናቸው። አንድ እረኛ መንጋውን እየነዳ ያልፋል፤ እሱ በመድረኩ ላይ የሚነፋ ሌላ ፒኮሎ ነው። ሌላ እረኛ ይከተላል፤ እሱ ትንሿ ክላሪኔት ነው። በዱቷ ቅጂ ይህ ሁሉ ያምራል፤ ግን እንደ አንድ ነገር ነው የሚያምረው። ጥቃቅኖቹን ኖታዎች መቁጠር ይቅርና መለየትም ይከብዳል። ወርቅ የተቀባ ድምፅ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ይማረካል። ደጋግሞ የሚሰማ ግን ከወርቁ ሥር ያለውን እንጨት ማየት ይፈልጋል።

እንጨቱን ለማየት ወደ ቅርቡ እንምጣ።

(ሙዚቃ፦ «ጎህ ሲቀድ»፤ ፍራንሷ ዛቪዬ ሮት፣ ሌ ሲዬክል ኦርኬስትራ፣ 2016። አንድ ደቂቃ ተኩል።)

ሌ ሲዬክል በ2003 የተመሠረተ የፈረንሳይ ኦርኬስትራ ነው። ልማዱ ሙዚቃው በተጻፈበት ዘመን በነበሩ መሣሪያዎች መጫወት ነው። ለራቬል ሲሆን የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የፈረንሳይ መሣሪያዎችን ያወጣል፦ ቱቦው ጠባብ የሆነ ሆርን፣ ከአንጀት የተሠራ የቫዮሊን ገመድ፣ የፈረንሳይ ባሱን። ይህ የመጨረሻው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚነፋው የጀርመን ባሱን ነው፤ ድምፁ ክብ፣ ሙሉ፣ ከሌሎች ጋር ቶሎ የሚዋሃድ። የፈረንሳዩ ቀጠን ያለ፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚናገር ነው፤ የትም ቢገባ ይታወቃል። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ዶርኮን የሚባል ገልጃጃ ከብት ጠባቂ ክሎዌን ለመማረክ ይጨፍራል፤ ሕዝቡም ይስቅበታል፤ ሳቁ ራሱ በኦርኬስትራው ውስጥ ተጽፏል። በፈረንሳይ ባሱን ሲነፋ ዶርኮን በእውነት ያስቃል። በጀርመኑ ሲነፋ የተከበረ ሰው እግሩን ወለም ያለው ይመስላል።

ይህን የድሮውን የፈረንሳይ ድምፅ ከአዲስ ቅጂ ብቻ ሳይሆን ከአሮጌም ማግኘት ይቻላል። አንድሬ ክላውታንስ በ1962 ከፓሪስ ኮንሰርቫቷር ኦርኬስትራ ጋር የቀዳው ውስጥ ባሱኑም ሆርኑም ገና የፈረንሳይ ናቸው፤ ሆርኑ እንደ ዘፋኝ ይርገበገባል። ያ ኦርኬስትራ በ1967 ፈርሶ በምትኩ የፓሪስ ኦርኬስትራ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው መሪም ቀደም ብለን የሰማነው ሙንሽ ነበር። ዛሬ የትኛውም ከተማ ያለ ኦርኬስትራ ከሌላው ከተማ እየተመሳሰለ ሄዷል። ቅጂዎች የዚህ መዝገብ ናቸው።

በሮት ቅጂ «ጎህ ሲቀድ» ላይ እያንዳንዱ ጠብታ ይሰማል። እኔ የምነቅፈው አንድ ነገር ነው። ሁሉም ነገር ስለሚሰማ አንዳንድ ጊዜ ማንን እንደምከተል ይጠፋኛል፤ ዜማው ከጠብታዎቹ መሐል ራሱን ችሎ ለመውጣት ይቸገራል።

አሁን ወደ ፍሉቱ። ከጎህ በኋላ ዳፍኒስና ክሎዌ የፓንንና የሲሪንክስን ታሪክ በእንቅስቃሴ ያሳያሉ። ፓን አንዲትን ልጅ ያሳድዳል፤ ትሸሸዋለች፤ እሱም ሸምበቆ ቆርጦ መንፊያ ይሠራና ሐዘኑን ይነፋል። በአገራችን ዋሽንት እየሰማ ያደገ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ከብዙ የሙዚቃ ሐያሲ የተሻለ ዳኛ ነው። እረኛ ሲነፋ ዜማው መቼ እንደሚዘገይ፣ የት ትንፋሹን እንደሚወስድ፣ የቱ ላይ እንደሚያንጎራጉር ያውቃል። ፍሉቱን በዚያ ጆሮ ስሙት። ኖታው ሁሉ በቦታው ሆኖ ሰውየው ከሌለ ባዶ ነው። በ1955ቱ የቦስተን ቅጂ የምትነፋው ዶሪዮት አንቶኒ ድዋየር ናት፤ በ1952 የቦስተን ቀዳሚ ፍሉት ተጫዋች ሆና ስትቀጠር በታላላቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች እንዲህ ያለ ቦታ የያዙ ሴቶች ከቁጥር አይገቡም ነበር። ሐረጎቹን ታስረዝማለች፤ መጨረሻቸውን ግን አትጎትተውም።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ብቸኛው ፍሉት ከጨረሰ በኋላ ዜማው ከቀጭኑ ፒኮሎ ተነሥቶ በሁለቱ ፍሉቶች በኩል እስከ ወፍራሙ አልቶ ፍሉት ይወርዳል፤ አራት ሰዎች ናቸው የሚቀባበሉት። መጋጠሚያው ካልተሰማችሁ ኦርኬስትራው ታላቅ ነው።

(ሙዚቃ፦ የፍሉቱ ብቸኛ ዜማ፤ ሙንሽ፣ 1955። ሁለት ደቂቃ።)

የሞንቶን ቅጂ ለመጨረሻ ያቆየሁት እኔ የምመርጠው እሱን ስለሆነ ነው። በ1959 ለንደን ኪንግስዌይ ሆል ውስጥ ከለንደን ሲምፎኒና ከኮቨንት ጋርደን ኳየር ጋር ለዴካ ሲቀዳው 84 ዓመቱ ነበር። ኪንግስዌይ ሆል የሜቶዲስቶች አዳራሽ ነበር፤ ድምፁ ተወዳጅ ቢሆንም ከሥሩ የምድር ባቡር ስለሚያልፍ እዚያ በተቀዱ ሥራዎች ላይ ጸጥ ባለ ቦታ ጉርምርምታ መስማት የተለመደ ነው። አዳራሹ ዛሬ የለም።

የምመርጠው የመጀመሪያው ምሽት መሪ ስለነበረ አይደለም። መገኘት ብቻውን ዳኝነት አያሰጥም፤ ከ1912 እስከ 1959 ደግሞ 47 ዓመት ነው፤ ሰው ይለወጣል። የምመርጠው በሚሰማው ነው። ሞንቶ የጨፋሪ እግር በፊቱ ያለ ያህል ይመራል። ሙንሽ ሲፈጥን እኔ በፍጥነቱ እደሰታለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ፍጥነት ማንም ዘሎ በሰዓቱ መሬት አይደርስም። ዱቷ ሲዘገይ ድምፁ ይጣፍጣል፤ አየር ላይ ያለ ጨፋሪ ግን እስኪጣፍጥ አይቆይም። የሞንቶ ምት ሰውነት የሚሸከመው ነው። ድምፁም ከሁሉም ሰፊው ባይሆን በውስጡ ሁሉም ይለያል፤ ዜማውም አይጠፋም። ኳየሩ ከዱቷው ያንሳል፤ ይህን እቀበላለሁ።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚታየው በመጨረሻው ጭፈራ ነው። ምቱ አምስት አምስት እየሆነ ይሄዳል፤ ለሦስትና ለአራት ለለመደ እግር አስቸጋሪ ነው። የዲያጊሌቭ ጨፋሪዎች እንዳይሳሳቱ «ሰር-ጌይ-ዲያ-ጊ-ሌቭ» እያሉ በአለቃቸው ስም ይቆጥሩ ነበር ይባላል። እናንተም ሞክሩት፤ በደንብ ይሠራል። መጥፎ ቅጂ ላይ አምስቱ ምት ይድበሰበስና መቁጠሪያው ከእጃችሁ ይወጣል። ጥሩው ላይ ጩኸቱ ጣሪያ ሲነካም አምስቱ እንደ አምስት ይሰማል።

ሦስተኛውን ክፍል፣ ከጎህ እስከ ጭፈራው፣ ከሞንቶ ቅጂ ሳናቋርጥ እናሰማችኋለን፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የጆሮ ማዳመጫ ያላችሁ ሰኩ። ድምፁን አሁን በፍሉቶቹ ልክ አስተካክሉትና እስከ መጨረሻው አትንኩት። ጭፈራው ሲመጣ ጎረቤት ካንኳኳ ደግሞ ግቡ በሉት።

(ሙዚቃ፦ «ዳፍኒስና ክሎዌ» ሦስተኛ ክፍል በሙሉ፤ ፒዬር ሞንቶ፣ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ፣ 1959።)